ጥርስ ሳያዩ የሄዱት ፈረስ ገዢዎች

ልጄ ህሊና፣ የአንኮበሩ ሚካኤል ባለሽበት በክንፉ ይጋርድሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እንደምን ሰንብተሻል?

እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ዘንድሮ አምሮበታል። የጎረቤታችን የፋንቱ ላም መንታ ወልዳ አገሩ ሁሉ ሲያወራላት ሰነበተ። አባትሽም ያው ነው፤ ፖስታውን ይዞ ሐሙስ ሐሙስ በፈረስ ወደ አልዩ አምባ ይወርዳል። «ለዚህ ገደል በቅሎ አይሻልህም?» ሲሉት፣ «አባቷን የማትጠራ ምን ታደርግልኛለች!» ብሎ ይስቃል።

በስልክ እንዳልነግርሽ ከሰማኝ ይቆጣል። ዓርብ ዕለት ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ፈረስ ልንገዛ ነው ብለው መጡ። ዳማ ፈረሱን ሲያሞግሱለት አባትሽ ልቡ ጠፋ። ጠላ አስቀድቶ፣ በየትኛው ቀን እንደሚወርድ፣ ከየትኛው ወንዝ እንደሚያጠጣ፣ የት ለብቻው እንደሚያርፍ ሁሉ አጫወታቸው። ፈረሱን ያመሰገነለት ሁሉ ወንድሙ ነው፤ ታውቂው የለ! ሰዎቹ ግን የፈረሱን ጥርስ እንኳ ገልጠው ሳያዩ ሄዱ። ዕድሜውን ሳያይ ፈረስ የሚገዛ የት አገር አለ? ይህን ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ በጥላሽም ትደነግጫለሽ» አለኝ። ትናንት ፋንቱ ከአልዩ አምባ ስትመለስ እዚያው ፈረሱን የሚያጠጣበት ወንዝ ዳር ተቀምጠው አይታቸዋለች።

የፋንቱ ልጅ ሰኞ ወደ እናንተ ስለምትበር ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። እንደደረሰሽ ደውይለትና ዘንድሮ መውረዱን እንዲተው ለምኚልኝ። በእኔ ይስቃል እንጂ ያንቺን ቃል አይጥልም።

የማርያም ልጅ በሰላም ያገናኘን፤ ድምፅሽንም ከሐሙስ በፊት ያሰማው።

እናትሽ