ጾሙ ሳይፈታ የሚዘጋው ፕሮጀክት

ነሐሴ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፤ ደብረ ማርቆስ

በቅደም ተከተል ላስፍረው። ሰኔ መጀመሪያ፦ ገረመው በነፍስ ግድያ የተፈረደበትን እስራት ጨርሶ ወጣ፤ ከሟች ቤተሰብ ጋር ስላልታረቀ ግን ሮብ ገበያ ወደሚገኘው ቤቱ አልተመለሰም፤ እዚህ እህቱ ዘንድ ተጠግቷል። ሐምሌ አጋማሽ፦ ሽማግሌዎች የሟችን ወገን ለእርቅ እሺ አሰኙ። ነሐሴ 1፦ የፍልሰታ ጾም ገባ። ነሐሴ 14፦ በአማካሪነት የምሠራበት የውጭ የሰላም ግንባታ ፕሮጀክት ይዘጋል። ነሐሴ 16፦ ጾሙ ይፈታል።

ዋናው መሥሪያ ቤት እስከ 14 ድረስ የተፈረመ የእርቅ ሰነድ ከነፎቶግራፉ ይፈልጋል።

ነሐሴ 10፣ ዓርብ

ሮብ ገበያ። ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ ወርዶ መንገዱን ስለዋጠው መኪናችን በደመና ላይ የምትንሳፈፍ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አባ ይትባረክ እርቁ እስከ 14 ይፈረም የሚለውን ጥያቄዬን ሰምተው ሳቁ። በግ ታርዶ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ማዕድ ሥጋ ካልቆረሱ እርቅ የለም።

«በሽሮ የደረቀ ደም አይተሃል፣ ልጄ? ሁለት ቀን ቢታገሡ ምን ይጎድልባቸዋል?»

«በጀታቸው ይዘጋል፣ አባ።»

«እንግዲያው የቸኮለው በጀቱ ነው፤ ሟቹ አልቸኮለም።»

የሟች ወንድም ጥላሁን አልሳቀም። «ፊርማ ከሆነ አምጣው፣ እፈርማለሁ። አብረን ሳንበላ መንገድ ላይ ካገኘሁት ግን ለራሴም ዋስ አልሆንም» አለኝ።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ሕልም አየሁ። ቢሯችን ጣሪያ የለውም፤ ጠረጴዛዎቹ ላይ ገብስ በቅሏል። የውጭ ሰው የለም፤ መኪናም ባንዲራም የለም። ሁለት ወገኖች በጭጋግ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዝም ብለው ይጠባበቃሉ። እኔም ጥግ ላይ ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ፤ አልከፋኝም። ስነቃ፣ የዚህ ሥራ የወደፊት መልክ ይህ ይሆን? አልኩ፤ ከሩቅ የሚመጣው ጥቂት የሚናገርበት፣ ብዙ የሚጠብቅበት። ማስረጃ የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ገረመው መጣ። አዲስ ቦቲ ተጫምቷል።

«ጋሼ፣ ሰኞ ይፈረማል ይላሉ። ከተፈረመ ማክሰኞ እገባለሁ። ልጄ እኮ መልኬን አታውቀውም።»

ፊርማው እርቅ እንዳልሆነ ነገርኩት።

«አውቃለሁ። ግን መንግሥትም ፈረንጅም ካዩት ማን ይነካኛል?»

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

አስተባባሪያችን ኢንግሪድ ከአዲስ አበባ መጣች። ሰነዱ ካልቀረበ የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይጸድቅ ይችላል አለችኝ፤ ያኔ የሌሎች ወረዳዎች እርቅም፣ የእኔም ሥራ ይቀራል። ጥላሁን ያለውን ተረጎምኩላት። ዝናብ ያደበዘዘውን ከተማ በመስኮት እያየች ጠየቀችኝ።

«ፎቶግራፍ ብቻ ብናነሳስ?»

«ፎቶውን ያየ ሁሉ ታርቀዋል ይላል። ገረመውም ይሄዳል» አልኳት።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ጠዋት ኢንግሪድ ራሷ በሪፖርቱ ላይ «እርቁ በሂደት ላይ ነው» ብላ ጻፈች፤ እኔም ተስማማሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ ስለመኖሩ የሚያውቅ የለም። ገረመው ሲሰማ ተቆጣ። «ሁለት ቀን እኮ ነው» ስለው፣ «ለእርስዎ ነዋ ሁለት ቀን!» ብሎኝ ወጣ። እህቱ ቤት መግባቱን ደውዬ አረጋገጥኩ። አባ ይትባረክ በጉ ለሐሙስ መዘጋጀቱን ሰው ልከው ነገሩኝ፤ ጥላሁን ከማዕዱ ይቅረብ አይቅረብ ግን እሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም።

ሰነዱን አላስፈረምንም። ፎቶግራፍ አላነሳንም። ገረመውን «ግባ» አላልነውም።