ከማርታ ኋላ

ቅዳሜ፣ ጁላይ 1996

ዛሬ ሳንሆዜ፣ የጃፓኖች የሰመር ፌስቲቫል ላይ ዋልን። የጋበዙን የልጄ የማርታ ቤቢሲተር፣ ሚስስ ሃሩኮ ናቸው። ማርታ እሳቸው በሰፉላት የጃፓን ቀሚስ፣ በኪሞኖ ሆና የልጆቹን የጭፈራ ዘፈን በጃፓንኛ አንድ ቃል ሳትስት ታወርደዋለች። የእንቁጣጣሹን ዘፈን ግን ስንቴ ለምኛት ከመጀመሪያው ስንኝ አላለፈችልኝም! አንጀቴ አረረ።

«እንዴት ነው የሚጨፈረው?» ብላት፣ በእንግሊዝኛዋ «ማሚ፣ ከፊትሽ ያለውን ሰው እያየሽ መከተል ነው» አለችኝ።

የጨፋሪዎቹ ክብ ውስጥ ገብቼ ከኋላዋ ቆምኩ። እጇን ስታነሳ አነሳሁ፤ ስታጨበጭብ አጨበጨብኩ። ዓይኔ ከጀርባዋ አልተነቀለም።

የሷ ዓይን ግን ከፊቷ ካሉት ከሚስስ ሃሩኮ ጀርባ አልተነቀለም። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም።