የኃይሌ ማርና የእኔ ጋን

ሐምሌ 18፣ አርብ

ስኳር የገባበትን ማር በምላሴ እለያለሁ የሚባለው ሐሰት ነው። ዛሬ ጎረቤቴ ዘነበች ከአጥር ማዶ፣ «እትዬ፣ ገበያው የሚያወራው ስለ እርስዎ ምላስ ነው! ያንን የማንኪራ ሰውዬ ልክ አስገቡት» ብላ ሳቀች።

ሰውዬው ከማንኪራ መንደር ማር ይዞ ገበያ የሚወርደው ንብ አርቢው ኃይሌ ነው። ከእሱ ማር የጣልኩት ጠጅ አልፈላ ሲለኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ በሰው ፊት «ማርህ ስኳር አለበት» አልኩት። «እትዬ፣ እኔ ስኳር ባገኝ ሻዬን አጣፍጥበት ነበር» አለ። ሰው ሳቀበት። ከዚያ በኋላ የገዛው አልነበረም፤ ማሩን እንደያዘ ተመለሰ።

የጠጁን ጋን ከወጥ ቤት አውጥቼ አዲሱ ክፍል ሲሚንቶ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጭስ እንዳይነካው ብዬ ነበር። በዚህ ዝናብ ሲሚንቶው በቅዝቃዜው እግር ያደነዝዛል፤ ጠጁን እንዴት አያደንዝዘው? ጣሪያው ስላፈሰሰ ሰሞኑን ጋኑን ወደ ምድጃው አጠገብ መለስኩት፤ ጋቢም ደረብኩበት። ዛሬ ጆሮዬን ባስጠጋ ይፈላል። ምንም አልጨመርኩበትም፤ ያው የኃይሌ ማር ነው።

ሳይመረምሩ መፍረድ ነውር መሆኑን በአለንጋ የተማርኩ ሴት ነኝ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ይህን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ።

ነገ በመጀመሪያ ዘነበችን ገበያ ሳትወርድ ጠርቼ ጋኑን አሰማታለሁ። ገበያው ሲሞላ እሄዳለሁ፤ ቀድሜ አይደለም። እዚያው ቦታ ቆሜ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ማሩ ንጹሕ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። ከኃይሌም ማር እገዛለሁ።

ከመጣ።