ፍሪጁን ዘግቼዋለሁ

«እህቴ» ብዬ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ፤ አይግረምሽ።

ሩዙ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ። ልብስሽን ከገመዱ ላይ አንስቼልሻለሁ፤ ደመናው አላማረኝም።

ፍሪጁንም ዘግቼዋለሁ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል ብለሽ በሩን ከፍተሽ ፊቱ የተቀመጥሽ ዕለት ሆዴን ይዤ ስቄ፣ የቴርሞዳይናሚክሱን የቤት ሥራ በዚያው አስረዳሁሽ። ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት ጨምሮበት ከኋላ እንደሚተፋው እጅሽን ይዤ ጀርባውን አስነካሁሽ። ዛሬ ያንን ምሳሌ የራስሽ አድርገሽ ለክፍሉ ልጆች ስታወሪ ሰማሁ። ይሁን፣ የቤት ልጅ ናት አልኩ።

የኤሌክትሪክ ፊልዱ የቤት ሥራ ግን አልዋጥልኝ አለ። ቸኩዬ ቀስቶቹን በተቃራኒው የሳልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ ስትኮርጂ ስህተቴን ሳይቀር ወሰድሽ። መምህሩ ሁለታችንን አቁሞ «ማን ከማን ኮረጀ?» ሲል፣ ቀና ብለሽ እንኳ ሳታዪኝ «እኔ ምን ላድርግ፣ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው» አልሽ።

ዜሮው ለኔ ሆነ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

የሄድኩት እህቴ ቤት ነው፤ የናቴ ልጅ ጋ። አትደውዪ። ቁልፌን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። መምህሩ አምኖሻል። ነገ ሰሌዳ ላይ ወጥተሽ ያንኑ ጥያቄ አስተካክለሽ ለክፍሉ እንድታስረጂ ንገሪያት ብሎኛል። ቀስቶቹ ለምን እንደዚያ እንደሚዞሩ ልጽፍልሽ ይህን ወረቀት ገልብጬ፣ እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

ጀርባው ባዶ ነው።