መንኮራኩሩ የቆመ ዕለት

ከሚሴ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለመሊካ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። የጅዳ ሙቀት በረደላችሁ ወይ? አሠሪዎችሽስ ዒድን አሳረፉሽ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅሽ ሚስራ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ ትንሽ አሮጊት መስላልሻለች።

የዒዱን ነገር ልንገርሽ። ወንድምሽ ሪድዋን "ሚስራን ኮምቦልቻ ዳር ያለው መናፈሻ ወስደን እናጫውታት" ብሎ ያዘኝ። እኔም አዲሱን ሻሼን አስሬ በሚኒባስ ሄድን። በሩ ላይ ማን ቆሞ የጠበቀን ይመስልሻል? አባትሽ! ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጺሙን ሂና ተቀብቶ። ሪድዋን ሳይነግረኝ ቀጥሮት ኖሯል። ከብቶቼን ልጠብቅ ብሎ ጨፋ ሮቢት ከገባ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ በሰው አፍ ካልሆነ ተነጋግረን እንደማናውቅ አንቺም ታውቂያለሽ። ሚስራ ግን ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ "ዒድ ሙባረክ" ብዬ ፊቴን ወደ ዥዋዥዌው አዞርኩ።

መናፈሻው አንቺን በልጅነትሽ የወሰድንሽ ጊዜ እንዴት ያማረ ነበር! አሁን አርጅቷል። የእንጨት ፈረሶቹ ቀለማቸው ተልጧል፣ የአንዱ ጆሮ የለም። ሰው ተሸክሞ ወደ ሰማይ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩርማ ዝገት በልቶት እንደ ታመመ ግመል ይጮኻል። ሚስራ ደግሞ እሱን ካልወጣሁ ብላ አለቀሰች።

"አይሆንም" አልኩ። "የወንበሩን በር በሽቦ አስረውት አታዩም?"

የሚያሽከረክረው ሰውዬ "ግሪስ ተቀብቷል እማማ፣ ምንም አይል" አለኝ።

አባትሽ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገና "ልጅቷ ሳትወጣ እኔ ልሞክረው" አለ።

"ብቻህን? በዚህ ጉልበትህ?" ብዬ ክንዱን ይዤ አብሬው ገባሁ። መሊካዬ፣ እንዴት እንደገባሁ እስካሁን አላውቀውም።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ከታች ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰንሰለቱ ወልቆ ቀጥ አልን። ወንበሩ ይወዛወዛል፤ እኔ ላ ኢላሃ ኢለላህ እያልኩ ሸሃዳዬን ያዝኩ። አባትሽ እጄን ጨበጠና "ሂንሶዳቲን ዓዲላ፣ አትፍሪ፣ እኔ አለሁ" አለኝ። እሱ ራሱ ግን ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር። ያን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ።

ሚስራ ከታች "አባባ፣ ምን ይታያል?" እያለች ትጮኻለች።

"የከሚሴ መንገድ!" አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዓዲላ፣ ከአንቺ ሸሽቼ አልሄድኩም" አለኝ።

"ታዲያ ከማን ሸሽተህ ነው፣ በድሩ?"

"መሊካ ከሄደች ወዲህ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር እሷ ናት ብዬ እነሳለሁ። ከከብት መሃል ሳድር እንዲያ አይመስለኝም።"

እኔም እኮ እነሳ ነበር። ለካ አንድ ቤት ውስጥ እየተደባበቅን አንቺን ስንጠብቅ ኖረናል።

ከታች ያሉት ሰዎች መንኮራኩሩን በእጃቸው እየገፉ ቀስ ብለው አወረዱን። ሰውዬው ሰንሰለቱን መልሶ የተሰለፈውን ሕዝብ ሊያስገባ ሲል አባትሽ መግቢያው ላይ ቆመ።

"ሳይጠገን የማንም ልጅ አይወጣም!"

"ዞር በል ሽማግሌው፣ ሥራ አታስፈታኝ!" አለው ሰውዬው።

አልተንቀሳቀሰም። እኔም ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። አንዲት እናት ልጇን ከሰልፉ አወጣች፤ ሌላዋም ተከተለቻት፤ ሰልፉ ተበተነ። የመናፈሻው ኃላፊ መጥቶ ሰንሰለቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። መካኒክ ከደሴ እስኪመጣ ብሎ ቆለፈው። ያን ለት የአባትሽ ቁመት ጨምሮ ታየኝ ብልሽ አትሳቂብኝ።

ሚስራም አልከፋትም። አባትሽ "እናትሽ ልጅ ሳለች እዚህ ላይ ተቀምጣ ነበር" ብሎ ጆሮ የሌለው ፈረስ ላይ አወጣት። የፈረሱን አንገት አቅፋ ሳመችው፤ እስኪመሽም አልወርድ አለች።

በይ ልጄ፣ ሥራ በዛ ብለሽ ምግብ እንዳትተዪ። በሰው አገር የሚደክሙትን እጆችሽን አላህ ያበርታልኝ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ልጅሽ ጥርሷን አብቅላ ሳትጨርስ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። አሚን።

ደግሞ ከእንግዲህ ፎቶ ስትነሺ አንድ ብቻ ላኪ። ለአባትሽ ብለሽ ሌላ ወደ ጨፋ ሮቢት አትላኪ፤ እዚሁ ግድግዳው ላይ ያየዋል።

እናትሽ ዓዲላ