የዝናሽ እናት ኳስ ሊያዩ የመጡ ዕለት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኳስ ያስተማርኳት ዝናሽ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተሰልፋ ውጭ አገር ተጫወተች። እናቷ እማማ ብርቄ ይህንኑ ሊያዩ ከደሃና ወረዳ ሰቆጣ ከተማ ድረስ በእግራቸው መጡ። ኳስ ማሳያ ቤት ይዣቸው ገባሁ።

ወንዶቹ ሲያዩዋቸው «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ። «በእግዜር» አሉ እማማ። የፊቱን ወንበር ለቀቁላቸው። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኟ! ቻናሉን ቀይሩልን ስል ግን አንድም ሰው አልደገፈኝም። የሚያዩት ትናንት ያለቀ የእንግሊዝ ጨዋታ ነው፤ ውጤቱን ሁሉም ያውቁታል!

«መምህርት፣ የሴት ኳስ ደግሞ ኳስ ነው?» አለኝ ባለቤቱ፣ ሪሞቱን ኪሱ እየከተተ።

«የአገርህን ማሊያ ነው እኮ የለበሰችው! እናቷ ፊትህ ተቀምጠዋል!»

«ይቀመጡ! ማን ተነሡ አላቸው?»

እማማ ብርቄ አማርኛ ብዙም አይገባቸውም። እንውጣ ብላቸው «ትመጣለች» ብለው እምቢ አሉ። የሰው አገር ወንዶች ሲሮጡ እያዩ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ልጃቸውን ጠበቁ።

ስንወጣ እጄን ያዝ አድርገው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤

«ልጄ ምን አጥፍታ ነው የደበቋት?»