እጅ የወጣበት ሻይ ቤት

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 11 ሰዓት

ሻይ ዛሬም ያለ ስኳር። ወ/ሮ ዘነበች ከየብርጭቆው ጎን አንድ አንድ ከረሜላ ታስቀምጣለች። ከረሜላውን ጉንጭ ውስጥ ይዞ ሻዩን በላዩ መጠጣት ነው። ለጥርሴ አይስማማም። ጠጣሁት።

ትናንት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በገዛ ሜዳው 3 ለ 0 ተሸነፈ። ስለዚህ ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። ስናሸንፍ ሰው ወደየቤቱ ይገባል፤ ስንሸነፍ ሁሉም እዚህ ይመጣል።

ጭቅጭቁ እንደ ወትሮው። በረኛችን ከፈትል ክፍል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። በምትኩ የገባው በረኛ ኳስ ሲመጣ ዐይኑን ይጨፍናል። ባለሱቁ ከድር ከበረኛው ወሬ ተነሥቶ ወደ ራሱ ሱቅ ችግር ገባ፦ ዕቃ የለም፣ ኮታ አነሰ፣ መደርደሪያው ላይ የቀረው ክብሪትና አቧራ ነው። ሌላው ከአፉ ነጥቆ ጤፍ ስለሚያዝበት ኬላ ጀመረ። ሌላው ዳኛውን ይሰድባል። ሁሉም ባንድ ጊዜ። እኔ ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ጀመርኩ፤ አንዴም አልጨረስኩም። ነጥቤ ቀላል ነበር፦ ጎሎቹ የገቡት ሁሉም በግራ በኩል ነው። ጥፋቱ የተከላካዩ እንጂ የበረኛው አይደለም። ማን ይስማ።

ዳንጊሶም እንደኔው። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የሚመጣ ዓሣ አስጋሪ ነው። አማርኛው ዝግ ያለ፤ መጀመሪያ በሲዳምኛ አስቦ ነው የሚናገረው። «እኔ ግን...» ይላል፤ እስኪቀጥል ሌላው ቦታውን ይዞበታል። ኋላ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሰላምታ እንኳ የመለሰለት የለም።

ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ ክፍል አልገጠመኝም። ተናድጄ ታቦር ተራራን ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ደብተሬ፣ አስቤበታለሁ። ሰዎቹ ሞኞች አይደሉም። የጎደላቸው ሥርዓት ነው። ለሰኞ፦ መናገር የሚፈልግ እጁን ያወጣል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። መጀመሪያ ስለ ጨዋታው፣ ቀጥሎ ስለ በረኛው፣ መጨረሻ ስለ ስኳሩ።

ዛሬ ጠዋት ወ/ሮ ዘነበችን አስፈቀድኩ። ቤቱ የሷ ነው። ሳቀች። «እነዚህን ነው መምህር? የአሞራ ገደልን አባ ኮዳ አሞራዎች ቢያሰልፉ ይቀልዎታል።» ግን አልከለከለችኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 10። 12 ሰዓት

ሠራ!

መጀመሪያ አሾፉብኝ። ከድር ሁለት እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ሽንት ቤት መሄድ ይፈቀድልኝ?» አለ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። መጠበቅ እችላለሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ፤ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው። ዝም አሉ። ሽበት ያለው ሁሉ ዝም!

ስለ ግራ ተከላካዩ ተናገርኩ፤ እስከ መጨረሻው። ከድር እጁን አውጥቶ ተቃወመኝ፦ ሦስተኛው ጎል ኦፍሳይድ ነው። አስረዳ። ተሳስቷል፤ ግን በወጉ ተሳሳተ። ስለ በረኛው ሲደርስ ዳንጊሶ እጁን አወጣ። ተራ ሰጠሁት። ቃሉን ሲፈልግ ማንም አልነጠቀውም።

ያለውን እንዳለ ልጻፈው። «ፋብሪካው በረኛ ሲሄድ ሌላ በረኛ ያቆማል። ይሸነፋል፣ ግን ያቆማል። ጀልባ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ መረብ ይስባል። ልጄን ከበረኛው ጋር ባንድ መኪና ወሰዱት። እኔ ብቻዬን ነኝ። መረቡን ስስብ ጀልባው ይዞራል። የአስጋሪዎቹ ማኅበር ዓሣው ለምን አነሰ ይለኛል። ዓሣው አላነሰም። ሰው ነው ያነሰው።»

የልጁን መሄድ ማንም አያውቅም ነበር። በየሰኞው «እኔ ግን» የሚለን ይህን ሊነግረን ኖሯል። ከድር የራሱን ከረሜላ በፊቱ አኖረለት። ወ/ሮ ዘነበች ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ቀና ስል በመስኮት ታምራትን አየሁት። የቀበሌያችን የቅስቀሳ ኃላፊ፤ የድሮ ተማሪዬ። ብስክሌቱን ተደግፎ ወደ ውስጥ ያያል። ከድርና ሌሎች ሁለት ሰዎች ተራ ሲጠብቁ እጃቸውን እንዳወጡ ናቸው። ሰላም አልኩት። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ሻይ ቤቱ ታሸገ።

ጠዋት ስወርድ በሩ ላይ ወረቀትና ማኅተም። ወ/ሮ ዘነበች ደጁ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንቆርቆሪያዋ እግሯ ሥር። ሌላውን ዕቃ ማውጣት አልተፈቀደላትም። ምክንያቱ፦ ያለ ፈቃድ ስብሰባ። እጅ የሚወጣበት፣ ተራ የሚሰጥበት፣ ሰብሳቢ ያለው ስብሰባ።

ይኸው ደብተሬ። ስንት ሰኞ ተጯጩኸንበት ማንም ምንም አላለንም። ስለ ኬላ፣ ስለ ኮታ፣ ስለ ጦርነቱ ያልተባለ የለም። ጩኸት ሲሆን የኳስ ወሬ ነው። አንድ ሰኞ በሥርዓት ብናወራው ስብሰባ ሆነ።

ይቅርታ ልላት ጀመርኩ። ጸሎት ቤታቸው በታሸገ ጊዜም እንዲሁ በሩን እያየች እንደተቀመጠች ነገረችኝ። «ያንን መዝሙር አሳሸገው፤ ይኼን ደግሞ እርስዎ» አለች። ልትቀልድ ነበር። ማንቆርቆሪያዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚህ ሻይ ቤት በቀር የምትኖርበት የላትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ቀበሌ ጽ/ቤት። ታምራት ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። አክባሪ ነው፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ። እንደ ሌሎቹ ጓድ አላለኝም፤ መምህር አለኝ። ስብሰባ አልነበረም ብዬ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማኝ። «እጅ ሳታወጣ አትናገር ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስብሰባ ምን እንደሚመስል ከእርስዎ ነው ያወቅኩት» አለ።

የሚያቀርበው መፍትሔ ይህ ነው፦ ስብሰባ ከሆነ በቀበሌው ሥር ይሁን። ሻይ ቤቱ የውይይት ክበብ ይሆናል፣ እኔ ሰብሳቢ፤ ከላይ የሚላከውን ጽሑፍ አነባለሁ። ወ/ሮ ዘነበችስ? ለክበቡ ሻይ ታፈላለች፤ ቤቱ ግን የክበቡ ነው። ስብሰባ ካልነበረ ደግሞ ነገ ሁላችንም ተጠርተን እናስረዳ።

ሰብሳቢነቱ ያስደስትዎታል ብዬ ነበር አለኝ። ከልቡ ነው።

ለነገ መከላከያ ጻፍኩ። በተራ ቁጥር። ጥሩ ጽሑፍ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13። 10 ሰዓት

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

የቀበሌው አዳራሽ። እኛ በአግዳሚ፣ ታምራት ከጠረጴዛ ኋላ። ወ/ሮ ዘነበች ከኋላችን ብቻዋን ቆማለች። ተነሥቼ የመጀመሪያውን ነጥብ አነበብኩ። ሁሉም ዝም ብለው ያዳምጡኛል። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ከድር ሊናገር ፈልጎ እጁን አወጣ። ታምራት እጁን አየ፤ እኔን አየ። ፈገግ አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ያማረ መከላከያዬ፣ የሰዎቹ ዝምታ፣ የከድር እጅ፤ ክሱን ራሳችን እያስረዳንለት ነው። ወረቀቴን አጠፍኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። «የሆነው ሆኖ ሦስተኛው ጎል ኦፍሳይድ አልነበረም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ከድር እጁን ረሳው። «እንዴት አልነበረም! መምህር፣ መነጽርዎ የት ነበር?» ከጎኑ ያለው ተነሣ፦ ነበር። የኋላው፦ አልነበረም። የፊቱ፦ ነበር እንጂ፤ የመስመር ዳኛው የተጋበዘው ቁርጥ ነው ባንዲራዋን ያስቀራት። ሌላው፦ ቁርጥ የት ተገኝቶ! ከዚያ ሥጋ፣ ከሥጋ በሬ፣ ከበሬ ኬላ። አዳራሹ ተናወጠ። ታምራት ጠረጴዛውን ይደበድባል። «ጓዶች! በተራ! ጓዶች!» ማን ይስማ።

ዳንጊሶ ብቻ አይጮኽም። «እኔ ግን...» ሲል አየሁት። ከንፈሩን ነው ያየሁት እንጂ ድምፁ አልተሰማም።

ደብተሬ፣ አንድ ጭብጨባ ይበቃ ነበር። ታምራትም ያውቃል። እጄ በላኝ። ሁለቱንም ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ታምራት «መምህር፣ ዝም ያሰኟቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«አልችልም ልጄ» አልኩት። «መቼም ችዬ አላውቅም።»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ከፊት ወንበር አስቀምጬ ያስተማርኩትን ልጅ ዐይን ዐይኑን እያየሁ። ጩኸቱ ሠራተኛ መንደር ድረስ የሚሰማ ክፍል ባንድ ጭብጨባ ሳስቆም ስንቴ አይቷል።

ታምራት እንደገና ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ከድር ወደ እሱ ዞረ፦ አንተ ራስህ የት/ቤቱ ክንፍ ተጫዋች ነበርክ፤ ፍረድ፣ ኦፍሳይድ አይደለም? ታምራት ሰው ነው። «ኧረ በግማሽ ሜትር ቀድሞታል!» ብሎ ተነሣ። ያለ ተራው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲቀመጥ ፊቱ ቀልቷል።

«ይህ ስብሰባ አይደለም» አለ ሲበርድ። «ገበያ ነው። ሂዱ።» እኔን በር ላይ አስቀረኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅዳሜ ማኅተሙን እንደሚያነሣ፣ ነገር ግን እዚያ ቤት ውስጥ ዳግመኛ የወጣ እጅ ካየ እሱም ሊረዳን እንደማይችል ነገረኝ። «ይህን ያህል ነው የምችለው መምህር።» እንደዋሸሁት ያውቃል። እንደማያውቅ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ማኅተሙ ተነሣ። ወ/ሮ ዘነበች በሩን በአመድ ፈተገች፤ የሙጫው ምልክት አልለቀቀም። ሻይ ሰጠችኝ። ያለ ከረሜላ። ክፍት ብቻ ይሁን እንጂ ምሬቱ ምን ይለናል አለች። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛልም፣ ለሷ።

ግን ንዴቱ አልወጣልኝም። ሥርዓት ክፉ ነገር ሆኖ ሳይሆን፣ እዚህ አገር በሥርዓት የሚናገር ሰው ፈቃድ ስለሚጠየቅ። እየተጯጯኸ ማንም ማንንም እስካልሰማ ድረስ ግን ጠያቂ የለውም። አንዲት ሰኞ ብቻ ተደማመጥን። ከዚያች ሰኞ የቀረልኝ ዳንጊሶ የተናገረው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 17። 8 ሰዓት

ትናንት እንደገና ተሸነፍን። 2 ለ 1። ሁለቱም በግራ በኩል። ዛሬ ሻይ ቤቱ እንደሚሞላ አልጠራጠርም።

እንዳልሄድ አስቤ ነበር። ጠዋት ታቦር ላይ ተቀምጬ ሐይቁን ሳይ አረፈድኩ። ከዳር አንዲት ጀልባ ባለችበት ትዞራለች። ማን እንደሆነ ከዚያ ርቀት አይለይም። ረጅም ጊዜ ዞረች።

ወሰንኩ። እሄዳለሁ። እጄን ኮት ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ማንንም ዝም አላሰኝም። ከድር ይጩኽ፣ ስለ ኬላም ይጩኽ፣ የግራ ተከላካዩም ይቅር። ከዳንጊሶ ጎን እቀመጣለሁ፤ አንዱ ጆሮዬ ስለደከመ በደህናው በኩል። «እኔ ግን» ሲል የሚቀጥለውን እስኪያገኝ እጠብቀዋለሁ። መጠበቅ እችላለሁ።

መቅዘፍ አልችልም። ለመማር ዕድሜዎ አልፏል ይሉኝ ይሆናል፤ ግን በማለዳ የሚቀዝፍለት ሰው ካጣ፣ አስተምረኝና እኔ ልቅዘፍልህ ብዬ ልጠይቀው።